ኦቦ ደገፋ ለፖሊስ ያደረጉት ገለጻ

እኔ ካናቢስ አላበቀልኩም። ያበቀለውን ሰው ግን አስመርጬ አሸልሜያለሁ። ነገሩን ከዚህ ካልጀመርኩ የሚያምነኝ የለም። ባለቤቴ እንኳ እንግዳ በመጣ ቁጥር «እስቲ ያንን አጫውቻቸው» ይልና እኔ ገና አፌን ስከፍት እሱ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ይሳቅ፤ እሱ እዚያ አልነበረም።

አሁን ሰበታ ውስጥ የዶሮ መኖ እሸጣለሁ። ያኔ የግብርና ልማት ሠራተኛ ነበርኩ፤ ከሱሉልታ ከተማ መጀመሪያ በሚኒባስ፣ ቀጥሎ በባጃጅ፣ ከዚያ ደግሞ በእግር በሚደረስባት አንዲት የገጠር ቀበሌ። የወረዳውን ስም አልጠራም። ያኔ የነበሩት ሰዎች አብዛኞቹ ዛሬም ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ ሁለቱ እንዲያውም ደንበኞቼ ናቸው። ስሜ አስካለ ነው፤ ገበሬዎቹ ግን «ኦጌሳ» ነበር የሚሉኝ፣ ባለሙያ ማለታቸው ነው። እኔም አልጠላሁትም። ሰባት ዓመት ጭቃ ረግጬ ያተረፍኩት ያንን ስም ብቻ ነበር። ምኞቴ ወደ ከተማ መዛወር ነበር። ልጄ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ስወጣም ስገባም ተኝታ ነው የማያት። የዝውውር ማመልከቻዬ ደግሞ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ምትኩ ጠረጴዛ ላይ ዓመት ከመንፈቅ ተኝቷል።

አቶ ምትኩ ክፉ ሰው አልነበሩም። ክፉ ለመሆን ጊዜ አልነበራቸውም፤ ሁልጊዜ ስብሰባ አለባቸው። በዚያ ዓመት ከስብሰባ ሲመለሱ አዲስ መመሪያ ይዘው መጡ፦ እያንዳንዱ ቀበሌ አዲስ የሰብል ዓይነት ያስተዋወቀ አንድ ሞዴል አርሶ አደር ያቅርብ። ስንዴ አይቆጠርም። ድንች አይቆጠርም። ወተትና ሣርማ ጭራሽ አይነሳ። እንግዲህ የሱሉልታን ብርድ የምታውቁ ፍረዱኝ፤ እዚያ ውርጭ ከሚያበላሸውና ላም ከምትበላው ሌላ ምን ይበቅላል?

ኦቦ ደገፋን ያገኘኋቸው በዚህ ጭንቅ ላይ እያለሁ ነው። ስድሳ አምስት ዓመት ያለፋቸው፣ አራት ላም ያላቸው፣ ሰንበትን የሚያከብሩ ሰው ናቸው። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አጠገባቸው ከተቀመጠ ተነስተው ቦታ ይቀይራሉ። ከቤታቸው ጀርባ ያለችውን ቁራሽ መሬት «ኢንጂነር ነኝ» ለሚል ከአዲስ አበባ ለመጣ ሰው አከራይተዋል። ሰውየው በሁለት ሳምንት አንዴ ብቅ ይላል፤ ውኃ የሚያጠጡት፣ የሚኮተኩቱት እሳቸው ናቸው። ተክሉ ከሰው ቁመት በልጧል፤ ቅጠሉ እንደ ተዘረጋ የእጅ ጣት ነው።

«ምንድን ነው ይሄ፣ ኦቦ ደገፋ?» አልኳቸው።

«ወደ ውጭ አገር የሚሄድ የመድኃኒት ቅመም ነው አለኝ።»

እኔም «የመድኃኒት ቅመም» ብዬ ጻፍኩ። ዕፅዋት ነው የተማርኩት እኮ! ስለ ስንዴ ዋግ ብትጠይቁኝ እስከ ነገ አወራላችኋለሁ። ይህን ተክል ግን በሥዕል እንኳ ያሳየኝ መምህር አልነበረም፤ ለማሳየት አንድ እግር ተክሎ ቢገኝ መምህሩም እስር አይቀርለትም ነበር። «ስልክሽ ላይ አታዪውም ነበር ወይ?» ትሉኛላችሁ። ኔትወርክ የለም ብል ያምርብኛል። እውነቱ ግን ማየት አልፈለግኩም፤ ሪፖርቱ የሚገባው ዓርብ ነበር።

በጥቅምት የመስክ ጉብኝት ሆነ። ሦስት መኪና ሙሉ ባለሥልጣን፣ ሠላሳ የሚሆን ገበሬ፣ አንድ ድምፅ ማጉያ። ኦቦ ደገፋን ሳምንት ሙሉ ገለጻ ሳለማምዳቸው ከርሜያለሁ። ነጥቦቹ አምስት ናቸው፦ ማን ነኝ፣ ምን ዘራሁ፣ ማን ረዳኝ፣ ምን ችግር ገጥሞኝ እንዴት ፈታሁት፣ ወደፊት ምን አቅጃለሁ። ላም ሲያልቡ ሁሉ ይለማመዱ ስለነበር ባለቤታቸው አዴ ብርቂቱ «ላሞቹም ሸምድደውታል» ብለውኛል። የጉብኝቱ ቀን አንዲት ቃል ሳይስቱ አቀረቡት። አቶ ምትኩ ቅጠል ቀጥፈው አሸተቱና «አቤት መዓዛ! አናት ድረስ እኮ ነው የሚዘልቀው!» አሉ። ተክሉ መሀል ቆመው ፎቶ ተነሱ። ፎቶው በጽሕፈት ቤቱ የፌስቡክ ገጽ ላይ ወጣ። ኦቦ ደገፋ ቦት ጫማና አካፋ ተሸለሙ። «ይህ ተሞክሮ ይስፋ!» ተብሎ ተጨበጨበ።

ከወር በኋላ፣ በኅዳር አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ቁጭ እንዳልኩ ስልኬ ጮኸ። አቶ ምትኩ ናቸው።

«አስካለ፣ የት ነሽ?»

«ቀበሌ ነኝ።»

«እዚያው ቆዪ። ፖሊሶች እየመጡ ነው፣ እኔም አብሬያቸው ነኝ። ስለዚያ ቅመም ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ።»

«ስለየትኛው ቅመም?»

«አስካለ! ስንት ቅመም አለሽ? የደገፋን ነው የምልሽ። ኢንጂነሩን ትናንት ቡራዩ ኬላ ላይ ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ጭኖ ይዘውታል። ከየት አመጣኸው ሲሉት እጃቸውን ይዞ እንደማድረስ ነው የነገራቸው።»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ካናቢስ።»

ከዚያ «ፎቶውን ከፌስቡክ አስወርጄዋለሁ፤ አይዞሽ» ብለው ዘጉት። ማንን እንዳጽናኑ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ፖሊሶቹ እስኪደርሱ አንድ ሰዓት ነበረኝ። የኦቦ ደገፋ ቤት በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። እግሬ አልታዘዝ አለኝ አልልም፤ አላዘዝኩትም። ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ለእሳቸው ሳይሆን ለዝውውሬ ነበር የማስበው። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፣ ግን ልጻፈው።

አንድ ፒካፕ ከአራት ፖሊሶችና ከአንድ ኢንስፔክተር ጋር መጣ፤ ከኋላው የአቶ ምትኩ መኪና። ኢንስፔክተሩ ረጋ ያለ፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ነበር።

«የግብርና ባለሙያዋ አንቺ ነሽ? ነይ ውጪ፤ ተክሉን አይተሽ ትነግሪናለሽ።»

አቶ ምትኩን አየኋቸው። እሳቸው ዝናብ ይመጣ እንደሆነ ሰማዩን ያያሉ። በኅዳር!

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። በእኛ ቀበሌ መኪና ከመጣ ጉብኝት ነው። ሁለት መኪና ከመጣ ትልቅ ጉብኝት ነው። ለሌላ ጉዳይ መኪና መጥቶም አያውቅ። ፖሊስም ቢሆን ባለሥልጣን አጅቦ ስለሚመጣ ደንብ ልብስ ማንንም አያስደነግጥም። እናም ኦቦ ደገፋ መኪኖቹን ከሩቅ ሲያዩ ሮጠው ገቡና የክት ኮታቸውን ደርበው፣ የተሸለሙትን ቦት ጫማ አጥልቀው ወጡ።

«ባጋ ነጋን ዱፍተን! እንኳን በደኅና መጣችሁ! ብርቂቱ፣ አግዳሚውን አውጪ! እርጎ!»

አዴ ብርቂቱ እርጎውን በብርጭቆ ይዘው ደረሱ። ከፖሊሶቹ ሁለቱ ኢንስፔክተሩን አዩ፣ ብርጭቆውን አዩ፣ ጠጡ። ኢንስፔክተሩ ወደ ጓሮው አሻግሮ ተመለከተና ጠየቀ፦

«አባት፣ ይህ ጓሮ ያለው ተክል የማን ነው?»

ኦቦ ደገፋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔ ባሳየኋቸው ቦታ፣ ማሳውን በግራ፣ እንግዳውን በቀኝ አድርገው ቆሙ። እጃቸውን አጣመሩ።

«ክቡራን እንግዶች! እኔ ሞዴል አርሶ አደር ደገፋ እባላለሁ። ይህ የምታዩት የእኔ የልፋት ውጤት ነው!»

ኢንስፔክተሩ ደብተሩን ከኪሱ አወጣ። ሰው ሲጽፍላቸው ኦቦ ደገፋ ይበልጥ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ በጉብኝት ጊዜ የሚጽፍ ሰው ትልቅ ሰው ነዋ።

«ነጥብ ሁለት። የዘራሁት በአካባቢያችን የማይታወቅ አዲስ ሰብል ነው። ሁለት መቶ አርባ እግር ነበር፣ ዐሥራ አንዱን ውርጭ መታብኝ። ፍግ ያደረግኩለት ሦስት ጊዜ ነው። አንዱንም እግር ያለ እኔ እጅ ማንም አልነካውም!»

«ራስዎ ነዎት የተንከባከቡት?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ራሴ! እንደ ልጅ! ነጥብ ሦስት፣ ማን ረዳኝ ለሚለው...»

አቶ ምትኩ ሳል ያዛቸው። ምን ዓይነት ሳል! ላሞቹ ዞር አሉ። «ኦቦ ደገፋ፣ እሱን ይዝለሉት፤ ጊዜ የለንም» አሉ።

ኦቦ ደገፋ ራሳቸውን ነቀነቁ። በጉብኝት ላይ ጊዜ እንደሚያጥር ያውቃሉ፤ ጨዋ ሰው ናቸው፣ ዘለሉት። ነጥብ ሦስት ላይ ያለው የእኔ ስም ነበር፤ የጽሕፈት ቤቱ ስም ነበር። ሊያድናቸው የሚችለው አንድ ነገር እሱ ብቻ ነው። እኔ አጠገባቸው ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ቆሜያለሁ፣ ምላስ አለኝ፣ ኦሮምኛም አማርኛም እችላለሁ። በሁለቱም ዝም አልኩ።

«ነጥብ አራት። ችግሩ ውርጭ ነው። መፍትሔው፣ ሲመሽ ጭድ አለብሰዋለሁ፣ ሲነጋ እገልጥለታለሁ። ነጥብ አምስት። የወደፊት ዕቅዴ ማሳውን እጥፍ አድርጌ ለጎረቤቶቼም ማስተማር ነው። አመሰግናለሁ!»

ጭብጨባ ጠበቁ። ከፖሊሶቹ አንዱ ሁለት ጊዜ ካጨበጨበ በኋላ ኢንስፔክተሩ ሲያየው እጁን ኪሱ ከተተ።

«አባት» አለ ኢንስፔክተሩ ደብተሩን እየዘጋ፣ «ይህ ካናቢስ ነው።»

«እሺ፣ ስሙን ጻፍልኝ፤ እኛ ቅመም ነው የምንለው።»

«ሐሺሽ ነው፣ አባት። ሐሺሽ።»

ኦቦ ደገፋ መጀመሪያ ፈገግ አሉ፤ ቀልድ መስሏቸው። ከዚያ የሁላችንንም ፊት ተራ በተራ አዩ። እኔ ላይ ሲደርሱ ዓይኔን ሰበርኩ። ያኔ ነው የገባቸው። «ያ ዋቃዮ! አምላኬ!» ብለው አግዳሚው ላይ ዘጭ አሉ። ስለ ኢንጂነሩ አስረዱ። ኢንስፔክተሩ «የጽሑፍ ውል አለ?» ብሎ ጠየቃቸው። «ሰው ከሰው ጋር ተነጋገርን እኮ! ምን ውል?» አሉ። አዴ ብርቂቱ የእርጎውን ብርጭቆ ከፖሊሱ እጅ ነጥቀው ገቡ።

ነቀላው እስከ ቀትር ቆየ። ፖሊሶቹ የከተማ ልጆች ናቸው፤ እየጎተቱ ከመሀል ይበጥሱታል። ኦቦ ደገፋ ከተቀመጡበት ሆነው አላስቻላቸውም፤ «ከሥሩ! ከሥሩ ያዙት እንጂ!» ይላሉ። ፒካፑ ሞልቶ ሰው የሚቀመጥበት ሲጠፋ በተክሉ ክምር ላይ አስቀምጠው ወሰዷቸው። አዴ ብርቂቱ መንገድ ዳር ቆመው እሪ ሲሉ እኔ የአቶ ምትኩ መኪና ውስጥ ነበርኩ፣ የፊት ወንበር ላይ። በሰባት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የፊት ወንበር ላይ።

ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ አቶ ምትኩ ሞተሩን አጥፍተው አንድ ነጭ ወረቀት ሰጡኝ።

«ሁለት መስመር ናት። ማሳውን አይቼው አላውቅም፣ ባለቤቱ ደብቀውኛል በዪ። ዝውውርሽን ነገ ጠዋት እፈርማለሁ።»

«ኦቦ ደገፋስ?»

«ሽማግሌ ናቸው፤ ፍርድ ቤት ያዝንላቸዋል።»

«ሠላሳ ገበሬ ያየውን ጉብኝት እንዴት አድርገን...»

«ገበሬው ያየው ቅመም ነው፣ አስካለ። ቅመም ማየት ወንጀል አይደለም።»

ጻፍኩ። አንባቢዎቼ፣ እንዳትምሩኝ፤ ጻፍኩ። ያውም በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ ጭኔ ላይ ቦርሳዬን አስደግፌ። ልጄን ቀን በብርሃን፣ ነቅታ አያታለሁ እያልኩ ፈረምኩ። ወረቀቱን ይዤ ገባሁና ምርመራ ክፍሉ በር ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጥኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ኢንስፔክተሩ የኦቦ ደገፋን ቃል እየተቀበለ ነበር።

«ነጥብ ሦስት ላይ ማን ረዳኝ ብለው ጀምረው ነበር። ማን ነው የረዳዎት?»

የኦቦ ደገፋ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ።

«የግብርና ባለሙያዋ አታውቅም ነበር?»

«አታውቅም።»

«ማሳውን አይታው አታውቅም?»

«እሷ ስንዴ ስንዴውን ነው የምታይ። ልጅቷን ተዋት፣ ልጅ አላት። ጻፍ፦ ራሴ ዘራሁ፣ ራሴ አሳደግኩ።»

«አባት፣ ይህ እኮ ዓመታት ያሳስራል። ገብቶዎታል?»

«ገብቶኛል አልኩህ እኮ!»

እጄ ላይ ያለውን ወረቀት አየሁት። ወረቀቱ ላይ ያለው ውሸትና እሳቸው የሚሉት ውሸት ቃል በቃል አንድ ነው። እኔ ለራሴ ስል የጻፍኩትን እሳቸው ለእኔ ሲሉ እየተናገሩት ነው። እንባዬ መጣ፤ ንዴት ይሁን እፍረት አላውቅም። በሩን ሳላንኳኳ ገባሁ።

«ውሸታቸውን ነው!» አልኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ውጪ!» አሉኝ ኦቦ ደገፋ፣ የገዛ ቤታቸው ይመስል።

«አልወጣም። ኢንስፔክተር፣ ወረቀት ስጠኝ፣ ቃሌን ልጻፍ።»

ኢንስፔክተሩ መሳቢያውን ከፈተ፣ ዘጋ። ሌላውን ከፈተ። «ወረቀት አልቋል» አለ። «የያዝሽው ምንድን ነው?»

ጣቢያው ወረቀት አልቆበት! ምን ልበል? ገልብጬ በጀርባው ጻፍኩ። እንዳየሁት፣ ሳላውቀው ቅመም ብዬ እንደመዘገብኩት፣ ገለጻውን ራሴ እንዳስጠናኋቸው፣ ማን መጥቶ ማን እንደሸለመ። ቦርሳዬ ውስጥ የአቶ ምትኩ ፊርማና ማኅተም ያረፈበት የሪፖርቴ ቅጂ ነበር፤ እሱንም ከጎኑ አኖርኩለት። ኢንስፔክተሩ ፊቱንም ጀርባውንም አንብቦ ቀና አለ።

«የቱን ልያዝ?»

«የጀርባውን።»

«ሌላ ቦታ የተተከለ አለ?»

«አለ። ሁለት እግር። አቶ ምትኩ በጉብኝቱ ዕለት ችግኝ ወስደው ነበር፤ ተሞክሮ ለማስፋት።»

«የት ተከሉት?»

«ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ። የጥበቃ ሠራተኛው ውኃ ያጠጣዋል።»

ኢንስፔክተሩ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ለጉንፋኑ መሀረብ አውጥቶ ለረጅም ጊዜ ፊቱን ሸፈነ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ኦቦ ደገፋ ብቻ አልሳቁም።

እኔን ሁለት ቀን አቆይተው ለቀቁኝ። ኦቦ ደገፋ ዐሥራ አንድ ቀን ታስረው፣ ዐቃቤ ሕግ ሪፖርቱን ካየና ገበሬዎቹ በየስልካቸው ያስቀሩትን የጉብኝት ፎቶ ካሳዩት በኋላ ወጡ። ኢንጂነሩ ተፈረደበት። እኔ «በከባድ የሙያ ቸልተኝነት» ተባረርኩ፤ ትክክል ነው፣ አልከራከርም። አቶ ምትኩ ለሁለቱ ችግኝ «አላውቅም፣ ጌጥ መስሎኝ ነው» አሉና ተዛወሩ። የት መሰላችሁ? ወደ ከተማ።

እንግዲህ ይህ ምን አስተማረሽ የምትሉኝ ካላችሁ፣ የማላውቀውን ነገር ስም ሳልጠይቅ አልጽፍም። መኖ ይዞልኝ የሚመጣውን ነጋዴ ከምን ተፈጭቶ እንደመጣ እስኪሰለቸው ድረስ እጠይቀዋለሁ፤ «ሴትዮዋ መርማሪ ናት» ይለኛል። እናንተም በየቢሮው ዓርብ የሚገባ ሪፖርት ያለባችሁ ወገኖቼ፣ የምትጽፉት ነገር አንድ ቀን የአንድ ሰው አንገት ላይ ሊጠመጠም ይችላል። ይህን ያህሉን ሰው ፊት ደፍሬ እናገራለሁ። የሚከብደኝ የሚቀጥለው ነው።

ኦቦ ደገፋ በወጡ በሦስተኛው ሳምንት ልጠይቃቸው ሄድኩ። ቶሎ ያልሄድኩት አፍሬ ነው። አዴ ብርቂቱ ሰላምታዬን መለሱ፣ ተቀመጪ ግን አላሉኝም። ኦቦ ደገፋ ጓሮ ድርቆሽ ያስራሉ፤ ከስተዋል። ስለ ልጄ ጠየቁኝ፣ ስለ ሥራ ጠየቁኝ። ከዚያ ገመዱን ለቀቅ አድርገው ቀና አሉ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ቀን እዚህ ቆሜ ለፖሊስ ስለፈልፍ አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአንቱ አንድ ሰዓት ቀድሜ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?»

የተዘጋጀሁበት መልስ ነበረኝ፤ ስለ አቶ ምትኩ፣ ስለ ዝውውሩ፣ በኋላ እውነቱን ስለ መናገሬ። ሁሉንም ተውኩት።

«ፈራሁ፣ ኦቦ ደገፋ።»

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ እንዴት በወደድኩ!

«እኔም ጣቢያው ውስጥ ፈርቼ ነበር፣ ልጄ» አሉኝ፣ ወደ ድርቆሻቸውም ተመለሱ።